የአረጋውያን ጥርስና የመድን ውል

አንባቢ ሆይ፣ ሰው ሲሸመግል ዐይኑ ቢደክም መነጽር፣ እግሩ ቢዝል ምርኩዝ ይይዛል፤ ጥርሱ ሲወልቅስ? በአሜሪካ በ1965 እ.ኤ.አ. የተደነገገው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የሕክምና መድን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ለጥርስ አይከፍልም። ለልብና ለኩላሊት ሲታሰብ፣ ምግብ የሚደቀው በአፍ መሆኑ የተዘነጋ ይመስላል። ስለዚህ አረጋዊው ከግል ኩባንያ ውል ይገዛል። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል አንድ የታይታኒየም ሥር ከነጥርሱ ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃል፤ የብዙዎቹ ውሎች የዓመት ጣሪያ ግን ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር ለሚኖሩ ወላጆችህ ውል ስትመርጥ የወርኃዊው ክፍያ ማነስ አያታልህ። ጣሪያውን ጠይቅ፤ ተከላው ከስንት ወር በኋላ እንደሚፈቀድም ጠይቅ። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ውሉ ከመጀመሩ በፊት ለወለቀ ጥርስ ምትክ አንከፍልም የሚለው አንቀጽ ነው። እርግጥ ነው፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው የእሳት መድን የሚሸጥ የለም። ይሁን እንጂ፣ ጥርሱ ስለወለቀ የመጣውን ሽማግሌ በየወሩ እያስከፈሉ ይህን በደቃቅ ፊደል መሸሸግ ነውር ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካገኘህ ውሉን ተው፤ ገንዘቡን አጠራቅመህ በዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ መምህራን እየተቆጣጠሩ ተማሪዎች በአነስተኛ ዋጋ በሚሠሩበት፣ ብታሳክማቸው ይሻላል እላለሁ።