ንጽሕና እና ትጋት መስሎ የሚመጣ ሕመም

ከኢትዮጵያ መንገድ እስከ ድሮው ከተማ ቤት ለቤት የምንዞር ነርሶች ደጋግመን የምንሰማው ነገር አለ። ልጁ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። ቆዳው እስኪሰነጠቅ እጁን ይታጠባል፤ በሩን መቆለፉን ለማየት አሥር ጊዜ ይመለሳል። እናት «ልጄ ንጹሕ ነው» ይላሉ። ቆይቶ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሁለት ፈረቃ ይሠራል፣ ያለማቋረጥ ያወራል። አባት «ጎበዝ ሆነልኝ» ይላሉ፤ አለቃውም ደስ ብሎታል። በወሩ መጨረሻ ሦስት ስልክ በታሽሉሚም ተገዝቶ ይገኛል።

የመጀመሪያው ኦሲዲ፣ ሁለተኛው ባይፖላር ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ባይፖላር ካለባቸው 100 ሰዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ኦሲዲም አለባቸው። «እስራኤል ያመጣብን በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ቡታጅራ ላይ የተደረገው ጥናት ግን ባይፖላርን ከ1000 አዋቂ ሰው በ5 ያህሉ ላይ አግኝቷል።

ወላጆች ሆይ፣ ለሐኪሙ ሁለቱንም ንገሩት። ለኦሲዲ በከፍተኛ መጠን የሚታዘዘው የድብርት መድኃኒት ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደዚያ እንቅልፍ አልባ ሁኔታ ሊገፋው ይችላል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ስሜት የሚያረጋጋው መድኃኒት ይቀድማል። ቤተሰብ ግን መታጠቡን ይናገራል፣ ዕዳውን አፍሮ ይደብቃል። ሐኪሙ ያልሰማውን ከየት ያውቃል?

ሊቲየም የሚወስድ ደግሞ በኪፑርም ሆነ በዐቢይ ጾም ውሃ ሳይጠጣ ከመዋሉ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ውሃ ሲጎድል መድኃኒቱ በደም ውስጥ እየበዛ ሊመርዝ ይችላል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም መፍትሔ አይደለም።

ከሐምሌ 2015 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና በኩፓት ሆሊም በኩል ነው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አታስተርጉሙ። ለሥራ የሚሰጠው የሕመም ወረቀት ላይ የበሽታው ስም እንዳይጻፍ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። የ1998ቱ የአካል ጉዳተኞች እኩል መብት ሕግ የአእምሮ ሕመምንም ይጨምራል፤ በተለይ ብዙ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት በሕመሙ ምክንያት ብቻ ማባረር አይችልም።

ስልኮቹስ? በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ውል በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ገዢው አካል ጉዳተኛ፣ ከ65 ዓመት በላይ ወይም አዲስ ስደተኛ ከሆነና ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ ጊዜው አራት ወር ነው። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፣ ቅጂውንም ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ።