«ጭንቀት ነው» ከማለትዎ በፊት የልብ ምትዎን ይቁጠሩ

«ዶክተር፣ ቁጭ ባልኩበት ልቤ ድው ድው ይላል» የሚል ሰው በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ጎረቤት «ቡና አብዝተህ ነው» ይለዋል፤ ቤተሰብ «ጭንቀት ነው» ይለዋል። እኛ ሐኪሞችም አንዳንዴ ከዚህ የተሻለ መልስ አንሰጥም።

ወቀሳውን ከራሴ ልጀምር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ይህንኑ ነግረውኝ፣ ወረፋው ስለበዛ ምታቸውን ሳልቆጥር «ጭንቀት ነው፤ እረፍት ያድርጉ» ብዬ ሸኘኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለሱ ከስተዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሙቀት አልችል ብለዋል። አረፍ ብለው ተቀምጠው እንኳ ልባቸው በደቂቃ 128 ጊዜ ይመታ ነበር። በደም ምርመራ ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ ከመጠን በላይ ሆርሞን እንደሚያመነጭ ታወቀ። መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ምታቸው ተረጋጋ። የባከኑት ሁለት ወራት ግን የእኔ ጥፋት ናቸው።

ስለዚህ ጭንቀት ልብን ማፍጠኑ እውነት ቢሆንም፣ ሌሎች ምክንያቶች ሳይፈተሹ የሚሰጥ የመጀመሪያ መልስ መሆን የለበትም እላለሁ።

የአዋቂ ሰው ልብ በእረፍት ጊዜ በአብዛኛው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ዳገት ሲወጡ፣ ሲደነግጡ ወይም ሲያተኩስዎት መፍጠኑ የተለመደ ነው። ቡና፣ ጫት፣ ሲጋራና እንቅልፍ ማጣትም ያፈጥኑታል። አርፈው ሳለ በተደጋጋሚ ከ100 በላይ ከሆነ ግን ምክንያቱ ይፈለግ። የደም ማነስ፣ በተለይ የወር አበባ በሚበዛባቸውና በነፍሰጡር ሴቶች ላይ፣ አንዱ ምክንያት ነው። የሰውነት ፈሳሽ ማነስና አንዳንድ የአስም መድኃኒቶችም አሉበት። በአገራችን ደግሞ በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቮችን ጎድቶ፣ ከዓመታት በኋላ ምቱን ሊያዛባ ይችላል። እንዲህ ያለው የተዛባ ምት በልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደም ስትሮክ ያስከትላል።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። አምስት ደቂቃ ያህል አረፍ ብለው ይቀመጡ። ጠቋሚና መሃል ጣትዎን በሌላኛው እጅዎ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ያሳርፉ። ሰዓት እያዩ ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ ምቱ እኩል መሄዱን ወይም መዝለሉን ጽፈው ይያዙ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ልብዎ ተረጋግቶ ቢገኝ እንኳ ያ ወረቀት ይመሰክርልዎታል።

ከልብ ምቱ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ወይም በአንድ በኩል የሰውነት መዛል ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የታዘዘልዎትን የልብ መድኃኒትም በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ።

ሐኪምዎ ምትዎን ሳይቆጥር ሊሸኝዎ ከሆነ «ምቴ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ እኛንም ሥራችንን ያስታውሰናል።