አንገት፣ ወጌሻና ቢላዋ

ሶዶ ላይ «አንገቴን ያመኛል፣ እጄንም ይደነዝዘኛል» ብላችሁ ሰው ፊት ተናገሩና የሚከተለውን ተመልከቱ። የባጃጁ ሾፌር የሚያውቀው ወጌሻ አለው። ጎረቤት የምታውቀው ቅባት አላት። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች መጥተው ይጸልያሉ። አዲስ አበባ ያለው የአክስት ልጅ ደግሞ ደውሎ «ኤምአርአይ ተነሳ!» ይላል። ኤምአርአይ ተነስቶ «የአንገት አከርካሪ ቦይ ጠቧል» የሚል ወረቀት ሲመጣ ቤተ ዘመድ ይሰበሰብና ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ይደረግ» ይላል፤ ግማሹ «አከርካሪው በቢላዋ ተነክቶ ማን ቆሞ ሄደ?» ይላል። መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው ግን ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ሐሳብ ነው፦ «እስኪ ትንሽ እንይ። ከባሰ ያኔ እንወስዳለን።»

ዛሬ ለመጻፍ ያስነሳችኝ ይህቺ «ከባሰ ያኔ» የምትባል ነገር ናት። ማንም እንደ ውሳኔ አይቆጥራትም። ውሳኔ የሚባለው ለኦፕራሲዮን መፈረም ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን እላለሁ፦ መጠበቅም ውሳኔ ነው። ለአንዳንዱ አንገት ከሁሉ የሚሻል ውሳኔ ነው፤ ለሌላው ደግሞ ከሁሉ የከፋ። ሁለቱን የሚለያቸው ነገር ደግሞ የሕመሙ ብርታት አይደለም። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቦዩና ገመዱ

የአንገታችን አጥንቶች እንደ ቀለበት ተደራርበው መሀላቸው ላይ ቦይ ይሠራሉ። በዚያ ቦይ ውስጥ ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚወርደው ህብለ ሰረሰር ያልፋል። የአንድ ጤነኛ ሰው ቦይ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ13 ሲያንስ ጠባብ ይባላል፤ ከ10 ሲያንስ ደግሞ በጣም ጠባብ። አንዳንዱ ሰው ሲወለድም ጠባብ ቦይ ይዞ ይወለዳል። ለብዙው ግን ነገሩ የዕድሜ ነው፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ይደርቃል፣ ወደ ኋላ ያብጣል፣ በዳርና ዳሩ ትርፍ አጥንት ይበቅላል፣ ጅማቱም ይወፍራል። ከባድ ሸክም በራስ ላይ መሸከምም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 በሴራሊዮን ሸክም በራሳቸው ላይ በሚሸከሙ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት የአንገታቸው አጥንት ከማይሸከሙት ይልቅ በጣም አርጅቶ አግኝቶታል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦዩ ሲጠብ ሁለት ዓይነት ነገር ይጎዳል፤ ሁለቱን መለየት ደግሞ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። አንደኛው ከህብለ ሰረሰሩ ወጥቶ ወደ ክንድ የሚሄደው የነርቭ ሥር ነው። እሱ ሲጨፈለቅ ያማል፣ ያቃጥላል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሰው ይጮሃል፤ ቤተሰብ ይደነግጣል። ግን ብዙው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ኦፕራሲዮን ይሻለዋል።

ሁለተኛው ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ነው። እሱ ሲጨፈለቅ ብዙ ጊዜ አይጮህም። ምንም ሕመም ላይኖር ይችላል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል። የቡና ሲኒ ከእጅ ይወድቃል። ፊርማ ይለወጥና ባንክ ቤት «ይህ የእርስዎ አይደለም» ይባላል። ነጠላ ጫማ ሳይታወቅ ከእግር ይወልቃል። ሲመሽ ቁልቁለት መውረድ ያስፈራል። አንገት ወደ ፊት ሲደፋ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ያለ ንዝረት በጀርባ ይወርዳል። ነገሩ እየገፋ ሲሄድ ሽንት መቆጣጠር ይከብዳል። እኛ ደግሞ ምን እንላለን? «አባዬ አረጀ»፣ «እማዬን ደከማት»፣ «ስኳር ይሆናል»። እንዲህ እያልን ዓመት ይሄዳል። በሠለጠነው ዓለም እንኳ በሽታው እስኪታወቅ በአማካይ ከሁለት ዓመት በላይ እንደሚፈጅ ተጽፏል። በዓለም ዙሪያ የአዋቂዎችን ህብለ ሰረሰር ከሚጎዱ ነገሮች ሁሉ ግንባር ቀደሙ ይኸው ያረጀ አንገት ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

«ዛሬውኑ ይቀደድ» ለሚሉ

ወረቀቱ ላይ «ጠቧል» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ቢላዋ አይነሳም። በጃፓን 1,211 ጤነኛ ሰዎች አንገታቸውን ኤምአርአይ ተነስተው ነበር፤ ውጤቱ በ2015 ሲታተም 87.6 በመቶ የሚሆኑት ዲስካቸው አብጦ ተገኘ። ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ! ጥቂቶቹ፣ 5.3 በመቶ ያህሉ፣ ህብለ ሰረሰራቸው ጭምር ተጨፍልቆ ታይቷል፤ እነሱም ምልክት አልነበራቸውም። ስለዚህ ኤምአርአይ የሚነበበው ከሰውየው ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም። በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያም ምልክት የሌለውን ሰው «ለወደፊቱ ይጠቅመዋል» ብሎ ኦፕራሲዮን ማድረግን አይመክርም። እንዲህ ላለው ሰው የሚያስፈልገው ምልክቶቹን አውቆ መጠበቅ፣ ክትትል፣ የአንገትና የትከሻ ጡንቻ የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ፣ ከባድ ሸክም ከራስ ላይ ማውረድ ነው። ከሞተር ሳይክል ኋላ መፈናጠጥም ቢቀርበት እመክራለሁ። ቦዩ የጠበበ ሰው ወድቆ አንገቱ ወደ ኋላ ቢቀነጠስ፣ አጥንት ሳይሰበር እንኳ ህብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላልና።

«ቢላዋ ሽባ ያደርጋል» ለሚሉ

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን። ሐኪሞች ጉዳቱን ከ18 ነጥብ ይመዝኑታል፤ እጅ፣ እግር፣ ስሜትና ሽንት እየታየ ነጥብ ይሰጣል። ከ15 እስከ 17 ያገኘ ቀላል፣ ከ12 እስከ 14 መካከለኛ፣ 11ና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። ያው የ2017 መመሪያ ለመካከለኛና ለከባድ ጉዳት ኦፕራሲዮን ይመክራል። ለቀላሉ ግን ምርጫውን ክፍት ይተወዋል፤ ወይ ኦፕራሲዮን፣ ወይ በክትትል የሚካሄድ ፊዚዮቴራፒ። ፊዚዮቴራፒው ካልረዳ ወይም ከባሰ ወደ ኦፕራሲዮን መዞር ነው።

«መጠበቅ» የሚሉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ቼክ ሐኪሞች 68 ቀላልና መካከለኛ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በኦፕራሲዮን ግማሹን ያለ ኦፕራሲዮን ሦስት ዓመት ተከታትለው፣ በ2002 «ያን ያህል ልዩነት አላየንም» ብለዋል። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ኦፕራሲዮን ከተቀመጡት ውስጥ ከ20 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በሦስትና በስድስት ዓመት መካከል እንደሚብስባቸው የተለያዩ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል። በ2013 የታተመ፣ በሰሜን አሜሪካ 278 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ከኦፕራሲዮን በኋላ በዓመቱ ቀላሉም ከባዱም ተሻሽሎ አግኝቷል።

«ተሻሽሎ» ነው ያልኩት፤ «ድኖ» አላልኩም። የሞተ የህብለ ሰረሰር ክፍል ቢላዋ አያስነሳውም። ኦፕራሲዮኑ ጫናውን ያነሳል፣ መባሱን ያቆማል፣ ብዙ ጊዜም ከጠፋው የተወሰነውን ይመልሳል። ስለዚህ በእግሩ ገብቶ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰውና በአልጋ ተሸክመው ያስገቡት ሰው አንድ ውጤት አይጠብቁም። «አከርካሪው ተነክቶ ማን ቆሞ ሄደ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከፊሉ እዚህ ነው። የምናውቃቸው ቆመው ያልሄዱ ሰዎች፣ ምናልባት ቆመው ያልገቡ ናቸው። «ከባሰ ያኔ» ብለን የመጨረሻው ቀን ላይ እንወስዳቸውና ጥፋቱን ለቢላዋው እንሰጠዋለን።

አደጋ የለውም አልልም። ከመቶ አምስት በሚጠጉ ሰዎች ላይ ትከሻ ይደክማል፤ አብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል። ከፊት በኩል ሲሠራ ለጊዜው መዋጥ ያስቸግራል። ሽባ መሆን ብርቅ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። በ2021 በአሜሪካና በካናዳ 163 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከፊት ወይም ከኋላ በመሥራት መካከል በዓመቱ የአካል ብቃት ልዩነት አላገኘም፤ የችግሩ ብዛት ግን ከፊት በኩል 48 በመቶ፣ ከኋላ በኩል 24 በመቶ ነበር፣ አብዛኛው የመዋጥ ችግር። ይህ ለእኛ የኪስም ጉዳይ ነው። የሚገባው ብረት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ከውጭ የሚመጣ ነገር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «ከየት በኩል? ስንት ብረት? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወጌሻው

የወጌሻን እጅ አልንቅም። የተወለቀ ክንድ ሲመልሱ ያየ ሰው ሊንቃቸው አይችልም። አንገት ግን ክንድ አይደለም። የጠበበ ቦይ ውስጥ የተጨፈለቀ ህብለ ሰረሰር ያለበትን አንገት መጠምዘዝና ማንቋቋት በአንድ ቀን ሰውን አልጋ ላይ ሊያውል ይችላል። ስለዚህ እጅ ከደነዘዘ፣ እግር ከከበደ፣ አንገት ለማንም አይሰጥም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ጸሎቱ ይቀጥል። ሐኪም ቤት ውስጥም ይጸለያል።

ከሶዶ የት?

የመጀመሪያው ምርመራ ኤምአርአይ አይደለም፤ ሐኪምና ትንሽ የጎማ መዶሻ ነው። ጉልበትና ክንድ ተመትቶ ያለ ልክ የሚዘል ከሆነ ህብለ ሰረሰሩ ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ኦቶና ብለን የምንጠራው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም፣ ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም እዚሁ አሉ። ቤት ውስጥም አንድ ነገር መሞከር ይቻላል፦ እጅን እየጨበጡ መዘርጋት። ጤነኛ ሰው በ10 ሰከንድ 20 ጊዜ ያህል ያደርገዋል። ተረከዝን ከጣት እያገጣጠሙ በቀጥታ መስመር መሄድም እንዲሁ። ካቃተ በሽታው ይኸው ነው ማለት አይደለም፤ «ከባሰ ያኔ» ማለት ቀረ ማለት ነው። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢም አለ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም አለ፤ ሁለቱም ይህንኑ ሊመስሉ ይችላሉ፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው፣ የቲቢው ደግሞ በነፃ ይሰጣል።

ወደ ላይ ከተላክን መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግን የዛሬው አዲስ አበባ የድሮው አይደለም። እስከ 2006 ድረስ በአገሪቱ የነበሩት የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያ ዓመት ጥቁር አንበሳ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲና ኮሪያ ሆስፒታል ከምንለው ከሚዩንግሰንግ ጋር ሆኖ እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ ዛሬ በብዙ አሥሮች ይቆጠራሉ። «ህንድ ካልሄደ» የሚባለው ነገር ለብዙው አንገት ጊዜው አልፎበታል።

የቀረው ገንዘቡ ነው። እኛ ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ በጋራ የምንቆጥብ ሰዎች ነን። ሰው ሲሞት እድራችን በአንድ ቀን ድንኳን ይተክላል። ታዲያ በእግሩ የሚሄድ ሰው በእግሩ እንዲቀጥል ለምን አይደርስለትም? ማጂ እያለ ብቻ እድር የሚዋጣ ከሆነ፣ «ከባሰ ያኔ» የሚለውን ሕግ ያወጣነው እኛው ነን ማለት ነው። እድሮቻችን ለሕክምና የሚሆን ድርሻ ቢያስቀምጡ፣ የጤና መድህኑ ደብተርም ሪፈራል ይዞ ከመሄድ በፊት ቢታደስ፣ ውሳኔው በፍርሃት ሳይሆን በጊዜው ይሆናል።

እንግዲህ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ «ይቀደድ ወይስ አይቀደድ?» የሚለውን ትታችሁ ለሐኪሙ ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል ወይ? ከ18 ስንት ነው? ብንጠብቅ መቼ ተመልሰን እንለካው? ለሦስቱ መልስ ካላችሁ መጠበቅም መልካም ነው፣ መፈረምም መልካም ነው። መልስ ሳይኖር የሚጠበቅ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም አይዘገይም።

ቸር ይግጠመን።