የእናት ጡትና የመሥሪያ ቤት ሰዓት

ባገራችን ቋንቋ ውለታ ቢስ ሰው «የእናት ጡት ነካሽ» ይባላል። ከዚህ የከፋ ስድብ ማግኘት ያስቸግራል። ስድቡ እንዲህ የከበደው ሕዝባችን ለእናት ጡት የሚሰጠው ክብር ታላቅ ስለ ሆነ ነው። ይሁን እንጂ ክብርን በቃል መናገር አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ክብር በመሥሪያ ቤት ደንብና በሥራ ሰዓት ውስጥ ማስገባት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ያቀረብነው ጉዳይ ይኸው ነው። ደመወዝተኛ የሆነች እናት ልጇን እስከ መቼ ታጥባ? እሷ ከሥራ ላይ ስትውልስ ወተቱ ለሕፃኑ እንዴት ይድረሰው?

ነገሩ የሴቶች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን ለመግለጥ የሚከጅል ወጣት ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

ከእኛ ጋራ በአንድ ዓመት የተመረቀች አንዲት ጓደኛችን ከወሊድ ፈቃዷ ተመልሳ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት አግኝተናት ነበር። ጧት በ2 ሰዓት ተኩል ትገባለች፤ ማታ በ11 ሰዓት ተኩል ትወጣለች። የመንገዱን ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ስንጨምርበት ሕፃኑ ከእናቱ ተለይቶ የሚውለው 11 ሰዓት ሙሉ ነው። ወተቷን የምታልበው ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ጀርባ ተቀምጣ፣ በሩን በወንበር ደግፋ ነበር። አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገሩን በኋላ ሲሰሙ «ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ» አሏት። እሷ ግን እንዴት ብላ ትንገራቸው? «ማለብ» የሚለው ቃል የላም እየመሰላት ካፏ አልወጣ ብሏት ከርሟል። በአራተኛው ወር ወተቷ አነሰ፤ ልጁም ዱቄት ወተት ለመደ።

ሐኪሞች ስለ ዘመኑ ርዝመት የሚሉት ግልጽ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚመክረው ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይይዛል፤ እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናቱ ወተት በቀር ውሃም እንኳ አይሰጠውም፤ ከዚያ በኋላ ምግብ እየጀመረ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱን ይቀጥላል። ቀድሞ ምክሩ «ከአራት እስከ ስድስት ወር» የሚል ነበር። ስድስት ወር ተብሎ የተቈረጠው በ1993 ዓ.ም. በዓለም የጤና ጉባኤ ነው። «ከዚያም በላይ» የሚለው ቃል ደግሞ በከንቱ የገባ አይደለም። ሁለት ዓመት ሲሞላ ጡቱን እሬት ቀብቶ በአንድ ሌሊት ማስጣል ግዴታ አይደለም፤ እናትና ልጅ እስከ ተስማሙ ድረስ መቀጠል ይቻላል።

አሁን ደግሞ ሕጉን እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥቷል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ስለ ነበረ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። ሐኪሙ ስድስት ወር ይላል፤ ሕጉ ሦስት ወር ይሰጣል። የቀረው ሦስት ወር የማን ነው? እስካሁን ድረስ የእናቲቱ የብቻዋ ዕዳ ሆኖ ኖሯል።

በ2008 ዓ.ም. ባገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት የሚያሳየው ነገር አለ። ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ 58 ነበሩ። በየወሩ ሲታይ ግን ገና ሁለት ወር ካልሞላቸው መካከል 74፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ከሆናቸው 64፣ ከአራት እስከ አምስት ወር ከሆናቸው ግን ከመቶ 36 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ እናቶች የሚበዙት የገጠር ሴቶች ናቸውና ጥፋቱን ሁሉ በመሥሪያ ቤት ላይ ማላከክ አይገባም። ቢሆንም ቍጥሩ ክፉኛ የሚያሽቈለቍልበት ወር ደመወዝተኛዋ እናት ወደ ሥራ ከምትመለስበት ወር ጋራ መግጠሙ፣ ችግሩ የሚጠብቃት በደካማው ቦታ ላይ መሆኑን ያስረዳል።

ወተት ለምን ይደርቃል? ጡት እንደ ማሰሮ ሞልቶ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፤ ይልቁንም እንደ ምንጭ ነው፤ በተቀዳ ቍጥር ያፈልቃል፤ ሳይቀዳ ሞልቶ ከዋለ ሥራውን ይቀንሳል። ወተቱን የሚያሠራው ፕሮላክቲን የተባለው ቅመም ሌሊት ስለሚበረታ፣ ቀን የማትገኝ እናት ሌሊት ማጥባቷ እጅግ ይረዳታል። ወተቱን ወደ ውጭ የሚገፋው ኦክሲቶሲን ደግሞ በጭንቀትና በሐፍረት ይታገዳል። እንግዲህ በሩን በወንበር ደግፋ፣ ኮቴ በሰማች ቍጥር እየደነገጠች የምታልብ ሴት ወተቷ እንቢ ቢላት ምን ያስደንቃል?

ስለዚህ መፍትሔው በሥራ ቀን በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ማለብ ነው። ፓምፕ የሌላት እጇን በሚገባ ታጥባ በእጇ ማለብ ትችላለች። የታለበው ወተት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ተደርጎ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቈያል። አዲስ አበባ ላይ አራት ሰዓቱ ይሠራል፤ በሰመራና በጋምቤላ ሙቀት ግን ማቀዝቀዣ ወይም የበረዶ ሣጥን የግድ ነው። በረዶ ሆኖ የሰነበተ ወተት አንድ ጊዜ ከቀለጠ ተመልሶ በረዶ እንዲሆን አይደረግም፤ ሲሞቅም ከነዕቃው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነው እንጂ በእሳት ላይ አይጣድም። ለሕፃኑ በጡጦ ፈንታ ለማጠብ በሚቀል ንጹሕ ሲኒ ቢሰጠው ይመረጣል።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ቦታና ጊዜ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጅ የሚጠበቅበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደነገገ። መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን ጧት በአውቶቡስ ግፊያ ውስጥ የአራት ወር ሕፃን አቅፎ መምጣት ለሁሉ አይሆንምና ከማቆያው ጐን ማለቢያ ክፍልም ያስፈልጋል። ይህ አዲስ ቅንጦት አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1919 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ለምታጠባ ሠራተኛ በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈቅዶ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያም በ2017 በወጣው የጤና ሕጓ አሠሪዎች የማጥቢያ ክፍል እንዲያዘጋጁ አዛለች።

«ሥራው ይበደላል» የሚል ሹም ቢኖር መልሳችን ሒሳብ ነው። ሦስቱ ወር ወደ 65 የሥራ ቀን ይሆናል። በቀን አንድ ሰዓት ቢታሰብ 65 ሰዓት፣ ማለትም ስምንት የሥራ ቀን ያህል ነው። ሕፃኑ ታሞ እናቱ ከሥራ የምትቀርበትን ቀን ማን ይቈጥረዋል?

በበኩላችን ወተት ያልመጣላትን ወይም በሐኪም ምክር ዱቄት ወተት የምትሰጥን እናት አንወቅስም። አንድ ሌላ ነገርም ሳንጠቅስ አናልፍም። የጓደኛችንን ልጅ በሲኒ የምታጠጣው ሞግዚት እሷም የወለደች ልትሆን ትችላለች፤ የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ግን የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም። ስለ እሷ ልጅ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የለምና መጠየቅ ያለበት የቤቱ ባለቤት ነው።

ዛሬ ተማሪ የሆነው ነገ የክፍል ሹም ይሆናል፤ ዛሬ ጸሐፊ የሆነውም ነገ በጀት ይፈርማል። የሚፈለገው አንድ ቍልፍ ያለው ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያና ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው። ሴቲቱ አፍራ እስክትለምን ድረስ ሳይጠብቅ «ክፍሉ ይኸውና፣ ሰዓቱም ያንቺ ነው» የሚል አለቃ ነገሩን ከግማሽ በላይ ፈጸመው። ባልም ቢሆን ሲኒውን ማጠብና ሌሊት ሕፃኑን አንሥቶ ማቀበል ያቅተዋል አንልም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ይህን የሦስት ወር ሸክም ለብቻዋ የተሸከመችው እናት በየመሥሪያ ቤታችን አለች፤ ነገ ጧት ስንገባ የትኛዋ እንደ ሆነች እንይ።