ትንፋሹ ለሚያጥረው ባል፣ ለምትጨነቀው ሚስት

በቤታችሁ ከጽኑ የሳንባ ሕመም የተነሣ ሰው አለ? ምናልባት ኮቪድ 19 ወይም ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ ሳንባውን ጎድቶት፣ በኦክስጅን ተረድቶ ከሆስፒታል የወጣ ይሆናል። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ያየ ቤት ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ቢያስታውቅም ቫይረሱ ዛሬም ሰው ይይዛል፤ አንዳንዱንም ያስተኛል። ጠያቂው ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎ ከተበተነ በኋላ፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲቀሩ ሁለተኛው ትግል ይጀምራል። የዛሬው ዓምዳችን ስለዚሁ ነው።

ሰውየው መጸዳጃ ቤት ደርሶ ሲመለስ አቀበት እንደ ወጣ ያለከልካል። ሐኪሙ «ተሽሎሃል» ብሎ ሸኝቶት የለም እንዴ? ነገሩ እንዲህ ነው። በሳንባ ውስጥ አየርና ደም የሚገናኙባቸው እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ብርቱ የቫይረስ ሕመም እነዚህን ያቆስላቸዋል፣ በፈሳሽም ይሞላቸዋል። ቫይረሱ ከሄደ በኋላም ቁስሉ እስኪሽር ወራት ሊፈጅ፣ አልፎ አልፎም ጠባሳ ሊተው ይችላል። ግን ጥፋቱን ሁሉ በሳንባ ላይ አንጫን። ለንደን ውስጥ በፅኑ ሕሙማን ክፍል በተኙ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የጭን ጡንቻ በ10 ቀን ውስጥ በአማካይ 18 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የደከመ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል። ስለዚህ ሳንባው እያገገመ እንኳ ሰውየው ያለከልካል።

እኅቴ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በይ። «አንተ ተቀመጥ፣ እኔ አመጣልሃለሁ» የምትይው ከፍቅር ነው። ውኃውን፣ ጫማውን፣ ሁሉን ካቀረብሽለት ግን ጡንቻው ከምን ይበረታል? ባል ሚስቱን ሲያስታምምም ያው ነው። ሌላው ጫፍ ደግሞ አለ፤ «ሰው እንዲህ ቀኑን ሙሉ ይተኛል እንዴ?» እያሉ መጎትጎት። በእኔ ግምት ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ አተነፋፈሱን ተማሩ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፤ ከዚያ ከንፈርን አጥብቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው፣ በዝግታ ማስወጣት። የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው እጥፍ ቢረዝም መልካም ነው። እጁን ሆዱ ላይ ያኑር፤ አየር ሲገባ ሆዱ ከፍ ይበል፣ ትከሻው ግን አይነሣ። ከወንበር ሲነሣ ወይም ደረጃ ሲወጣ፣ ኃይል በሚያወጣበት ቅጽበት ትንፋሹን ያስወጣ እንጂ አይያዝ። ድንገት ካጠረው ተቀምጦ ወደፊት ዘንበል ይበል፣ ክርኖቹንም ጭኖቹ ላይ ያሳርፍ። ቆሞ ከሆነ ግድግዳ ይደገፍ። አጠገቡ ያለው ሰው እንዳይደናገጥ፤ ድንጋጤ ይጋባል፣ ትንፋሽንም ያፋጥናል።

ቀጥሎ እርምጃው ነው። በቤት ውስጥ፣ ከዚያ በግቢ፣ ከዚያ በሜዳው መንገድ። አብራችሁ ሂዱ፤ እየሄዳችሁም አውሩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥበት ከተናገረ ልኩ ነው፤ ቃል በቃል ከሆነበት ይቁም። የዓለም ጤና ድርጅት ለታማሚዎች ባዘጋጀው መመሪያ ወደ ቀድሞ እንቅስቃሴ መመለሻውን በ5 ደረጃ ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ 7 ቀን መቆየትን ይመክራል። ዛሬ ደህና ውሎ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ክፉኛ የሚዝል ሰው ግን አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ያሻል፤ ስንፍና አይደለም፣ የሕመሙ ጠባይ ነው። መጎትጎት የከፋ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ ጭስም እንነጋገር። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ዕጣኑ ለጊዜው ይቅር። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢፈላም ቡና ነው! (እናቶች እንደማይስማሙ አውቃለሁ።) ጠያቂዎች ከመጡ ደግሞ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ አጠር አድርገው ይጠይቁ፤ ማውራት ራሱ ትንፋሽ ይበላል። በጸሎት ጊዜም ተቀምጦ ቢጸልይ ማንም አይከፋ።

በጣት የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ የገዛችሁም አላችሁ። እጅ ከቀዘቀዘ፣ ጥፍርም ቀለም ወይም ሂና ካለው ሊሳሳት ይችላል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ቁጥሩ ከቆላው ጥቂት ዝቅ ቢል አይግረማችሁ። የእርሱ የተለመደ ልክ ስንት እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁና ጻፉት።

ዘማሪ ከሆነ አይዘን። የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ከለንደን ሐኪሞች ጋር በ2020 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሮግራም ከኮቪድ በኋላ ትንፋሽ ላጠራቸው ሰዎች በዝማሬ መተንፈስን ያስተምራል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመውም ጥናት የትንፋሽ ማጠሩን ስሜት እንደሚያቀል አመልክቷል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ በለሆሳስ፣ አንድ አዝማች ብቻ ይጀምር። የመድረኩ ጊዜ ይቆየው።

አንዳንድ ጥንዶች ለመጠየቅ የሚያፍሩት ጉዳይም አለ፤ የአልጋው ጉዳይ። ያለ ችግር ደረጃ መውጣት ለጀመረ ሰው በአብዛኛው የሚያስፈራ አይደለም። ያረፈበትን ሰዓት ምረጡ፤ ከከባድ ምግብ በኋላ አይሁን፤ ደረቱ ላይ ክብደት አይረፍበት። እስከዚያው መተቃቀፍ ትንፋሽ አያሳጥርም።

ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ የማይታለፍ ነገር አለ። ድንገት ደረቱን ከወጋው፣ ደም ካሳለው፣ አንድ እግሩ አብጦ ካመመው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳልም «ከቫይረሱ የቀረ ነው» ተብሎ አይተው፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግለት። ለክትትል ስትሄዱም የፊዚዮቴራፒ ክፍል መኖሩን ጠይቁ፤ ካለ ባለሙያው የ6 ደቂቃ እርምጃውን ለክቶ ለእርሱ የሚስማማውን እንቅስቃሴ ያዝለታል። እኅቴ፣ አብረሽው ግቢ፤ ቤት ውስጥ ቆጣሪዋ አንቺ ነሽና።