ማዘዣው በገበሬው እጅ ይሁን

ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ባለሥልጣናት ያጨበጭባሉ። እኔም አጨበጭባለሁ። ዳሩ ግን ያ ያጌጠ ፈረስ ወይም ቤተሰብ የሚያርስበት በሬ በማግስቱ ቢታመም፣ መድኃኒቱ ከየት ይመጣል? ይህን የሚጠይቅ እምብዛም አይሰማም።

ገንዲን እንውሰድ። በዞናችን ቆላማ ወረዳዎች፣ በተለይም በጃዊ፣ የታወቀ የከብት በሽታ ነው። ለሕክምናው በዋነኛነት የሚያገለግሉት ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የበቁ አሮጌ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁነኛ ተተኪ አልተገኘላቸውም። የዲሚናዚን የተለመደ መጠን በኪሎ 3.5 ሚሊግራም ነው፤ 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 1,050 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ገንዘብ ያጠረውና ምክር ያጣ ገበሬ ለአንድ በሬ የተለካውን ለሁለት ያካፍላል። ያን ጊዜ የሚድነው በሬው ሳይሆን ተውሳኩ ነው። መድኃኒቱን የተላመደ ተውሳክ ደግሞ የጎረቤትንም ከብት አይምርም።

ሕግስ የለም ወይ? አለ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቷል። የቁጥጥሩ ሥራም ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። ይሁን እንጂ በገበያ ቀን መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጠውን ማባረር ብቻውን ቁጥጥር አይባልም። የክሊኒኩ መደርደሪያ ባዶ፣ ሕጋዊው መድኃኒት ቤት አንድ ብቻ ከሆነ፣ ገበሬው ወደተባረረው ሻጭ ተመልሶ መሄዱ አይቀርም። «ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚሉትም ተሳስተዋል፤ ገዢው የመድኃኒቱን ጥራት በዓይኑ አይለይምና።

ችግሩ የድሀ አገር ብቻም አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የውድድር ኮሚሽን የእንስሳት ሐኪሞች ራሳቸው አዘው ራሳቸው መሸጣቸው ውድድርን እንደሚያዳክም ገለጸ። በ2005 የወጣው ትእዛዝም ባለከብቱ ማዘዣውን ይዞ ከሌላ ቦታ እንዲገዛ መብት ሰጠው።

ለእኛም የምመኘው ይህንኑ ነው፦ በግልጽ የተጻፈ ማዘዣ በገበሬው እጅ፣ ማዘዣውን የሚቀበል ከአንድ በላይ ሕጋዊ መድኃኒት ቤት በየወረዳው፣ የመድኃኒቱን ጥራት የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ ከበላይ። «ማዘዣ የሚጽፍ ባለሙያ የት አለና?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ እንግዲያውስ መንግሥት አስቀድሞ ባለሙያውን ይመድብ፣ ከዚያ ገበሬውን ይቆጣ።

በፈረሱ መኩራት መልካም ነው። መታከሙንም እናስብ።