«ተምች ገባ» ከማለታችን በፊት

ክረምቱ ጠንክሮ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከየቀበሌው የሚመጣው ሪፖርት ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል ነው፤ «ተምች ገባ»። የትኛው ተምች? በየትኛው ሰብል ላይ? ቅጠሉን ነው ወይስ እምብርቱን የሚበላው? ሪፖርቱ ይህን አይናገርም። ምላሹም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ኬሚካል ይላክ። ትሉን ሳይለዩ መርጨት የአርሶ አደሩን ገንዘብ፣ ንቡንና ጊዜውን አንድ ላይ የሚያባክን ልማድ ነውና ሊቀር ይገባል እላለሁ።

የአፍሪካ ተምች የቆየ ጠላታችን ነው። በመንጋ ይፈለፈላል፣ በመንጋ ይጓዛል፤ ሲበዛ መልኩ ይጠቁርና በጎኑ ደማቅ መስመሮች ይታያሉ። ምግቡ የሣር ዘር ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎና የግጦሽ ሣር። ባቄላና ሽምብራን አይመርጥም። ስለዚህ «ሽምብራዬን ተምች ፈጀው» የሚል አርሶ አደር ሲመጣ ባለሙያው ማሰብ ያለበት ስለ ጓይ ትል ነው። ጓይ ትል የሽምብራውን ቋት ክብ አድርጎ ይበሳና ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ገላውን ውጭ ትቶ ፍሬውን ይበላል። ቲማቲምና ጥጥም አይቀሩትም። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ የአሰሳው ቦታም ጊዜውም ይሳሳታል።

በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ፣ ሸካ ዞን የኪ ወረዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የአሜሪካ መጤ ተምች ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ብዙ ዓይነት ተክል መብላት ቢችልም እኛ ዘንድ ዋናው ሰለባ በቆሎ ነው። ከጭንቅላቱ ፊት ለፊት የተገለበጠ «ዋይ» የሚመስል ነጭ ምልክት አለው። እኔ ግን ይበልጥ የማምነው ጅራቱ አካባቢ ያሉትን አራት ጥቋቁር ነጥቦች ነው፤ በአራት ማዕዘን ተደርድረው ይገኛሉ። የፊት ምልክቱ በሌሎች ትሎችም ላይ ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ያሳስታል። ጨቅላው ትል ቅጠሉን ፍቆ እንደ መስታወት የሚያሳይ ስስ ቆዳ ያስቀራል። ሲያድግ እምብርቱ ውስጥ ይገባና እርጥብ የመጋዝ ብናኝ የሚመስል እዳሪ ከላዩ ይከምራል። ያኔ ከላይ የተረጨው ኬሚካል ብዙም አይደርሰውም። እናቲቱ የእሳት ራት ግን እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ በክምር ጥላ በገላዋ ብናኝ ስለምትሸፍነው፣ በማለዳ ማሳውን የሚዞር ሰው እንቁላሉን በጣቱ ጨፍልቆ የሚሊተር ወጪ ሳያወጣ መቶና ከዚያ በላይ ትል ሊያስቀር ይችላል።

የአገዳ ቆርቁርም በበቆሎና በማሽላ ላይ ስለሚውል ከእነዚህ ጋር ይምታታል። መለያው ቀላል ነው፤ መካከለኛው ቅጠል ደርቆ ሲስቡት በቀላሉ ከመጣ፣ አገዳውም ሲሰነጠቅ ቦይ ከተገኘበት ቆርቁር ነው። ለእሱ የዘንድሮው ርጭት ካለፈ በኋላ ትልቁ መድኃኒት የመኸሩ አገዳ አያያዝ ነው፤ ቆርቁሩ በጋውን የሚያሳልፈው እዚያው አገዳ ውስጥ ነውና።

ሌላው ጥፋታችን ክንፍ ያለውን ሁሉ መጠርጠር ነው። ቀን በአበባ ላይ የምትዞር ቢራቢሮና ሌሊት ወደ መብራት የምትመጣ የእሳት ራት አንድ አይደሉም፤ ከላይ የጠቀስናቸው አውዳሚዎች ሁሉ የእሳት ራት ልጆች ናቸው። ሎሚ ላይ የወፍ ኩስ መስሎ የሚቀመጠውን፣ ካደገ በኋላ አረንጓዴ የሚሆነውን፣ ሲነካ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ የሚሸተውን ትል ያየ ብዙ ነው። እሱ የቢራቢሮ ልጅ ነው። ምግቡ ሎሚ፣ ብርቱካንና ልምጭ ነው፤ ሦስቱ በዕፅዋት አመዳደብ የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ቢራቢሮዋ ከብዙዎቻችን ቀድማ ታውቃለች። ችግኝ ላይ ከተገኘ በእጅ ይለቀም፤ ለትልቅ ዛፍ ግን ርጭት ማባከን ነው። ጦቢያ ላይ የሚገኘውማ ከእርሻችን ጋር ምንም ጠብ የለውም።

«ትሉ እየበላ ስም ስንፈልግ እንቆይ ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የአፍሪካ ተምች መንጋ ከደረሰ ቀናት ዋጋ አላቸው። ነገር ግን አንድ ትል መዳፍ ላይ አስቀምጦ ጅራቱን ማየትና የተገኘበትን ሰብል መጠየቅ ከደቂቃዎች በላይ አይፈጅም። ፍጥነታችንን የሚገድለው ይልቁንም ሁሉም ጥሪ «ተምች» ሲሆን እውነተኛው መንጋ የቱ ጋ እንዳለ አለመታወቁ ነው። ደግሞም ያላግባብ የተረጨው ኬሚካል ትሉ ላይ እንቁላላቸውን የሚጥሉትን ትናንሽ ተርቦች ይፈጃል። ከትሉ ጎን ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነጭ ጉንጉን ከታየ ተርቦቹ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። በቆሎ ሲያብብ ንብ ዱቄቱን ልትቀስም ትመጣለችና በቀትር የሚረጭ ሰው የጎረቤቱን ቀፎ እያራቆተ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከኬሚካል ጥያቄ ቅጹ ላይ ሦስት መስመር ይጨምሩ፤ ሰብሉ ምንድን ነው፣ ጉዳቱ የት ላይ ነው፣ በትሉ ገላ ላይ ምን ምልክት ታየ። እነዚህ ካልተሞሉ ጥያቄው አይስተናገድ። በየአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከሉም የትሎቹ ባለቀለም ፎቶግራፍ ይለጠፍ፤ አጠገቡ አፉ በሻሽ የታሰረ የመስታወት ዕቃ ይቀመጥ። ያልታወቀ ትል ሲመጣ ከተገኘበት ተክል ቅጠል ጋር ይገባል፤ ቅጠሉ በየቀኑ ይቀየርለታል። የሚበላውን እናያለን፤ አፈር ከተደረገለትም ክንፍ አውጥቶ ማንነቱን ራሱ ይናገራል። ይህን የአካባቢው ትምህርት ቤት ልጆች ሊሠሩት ይችላሉ፤ ወጪውም ከአንድ ጠርሙስ ኬሚካል አይበልጥም። የዘንድሮ በቆሎ ገና እምብርት ላይ ስለሆነ በዚህ ሳምንት መጀመር ይቻላል።